በትምህርት ቤትና በሬስቶራንት ወሬ እንግሊዝኛ ማውራት መልመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ ማውራት ከሚለማመዱ ሰዎች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው፣ እኔም ስጀምር የጠየቅኳቸው ናቸው፣ ስለዚ አንድ ቦታ ሰብሰብ ላድርጋቸው ብዬ ነው። እንግሊዝኛውን በኛ ፊደል ነው የጻፍኩት፣ እሱ ራሱ የሚያመጣው ችግር አለ፣ ስለ ፕሮናንሲዬሽን ስንደርስ እናወራበታለን።

ለምን ትምህርት ቤትና ሬስቶራንት? ሌላ ርዕስ የለም እንዴ?

ሞልቷል። ግን እነዚህ ሁለቱ ሲጣመሩ የሚሰጡት ነገር አለ። የሬስቶራንት ወሬ ከሞላ ጎደል ተሰርቶ ያለቀ ወሬ ነው፣ አስተናጋጁ የሚጠይቃችሁ ነገር ውስን ነው መልሱም ውስን ነው፣ አንዴ ከሸመደዳችሁት ሄዳችሁ እንዳለ ትጠቀሙበታላችሁ። የትምህርት ቤት ወሬ ደሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ማንም ጽፎ ሊሰጣችሁ አይችልም ምክንያቱም የራሳችሁ ታሪክ ነው፣ የት ተማራችሁ፣ የቱን ትምህርት ትጠሉ ነበር፣ ማን አጠገብ ትቀመጡ ነበር፣ እሱን ስታወሩ አረፍተ ነገር ከባዶ መስራት ትለምዳላችሁ። አንዱ ሽምደዳ አንዱ ግንባታ በሉት። ሽምደዳ ብቻ ያለው ሰው ከለመደው ጥያቄ ትንሽ ወጣ ካሉበት ዝም ይላል፣ ግንባታ ብቻ ያለው ደሞ ውሃ ለመጠየቅ ራሱ ቆሞ ያስባል።

ደሞ እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም። የአውሮፓ ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ራሱን ችሎ ለመግባባት ስለምን ስለምን ማውራት መቻል አለበት የሚለውን በዝርዝር ሲያስወጣ ትምህርትም ምግብና መጠጥም ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። ዛሬ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1 እያልን የምንጠራው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የቋንቋ ችሎታ ደረጃ አከፋፈልም ከዛ ስራ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ ግራመር ልጨርስ?

ግራመር አያልቅም። ለሬስቶራንት ሶስት አጀማመር ይበቃል፣ «ኩድ አይ ሃቭ»፣ «አይል ሃቭ»፣ «ዱ ዩ ሃቭ»። ለትምህርት ቤት ወሬ ያለፈ ጊዜና «ዩዝድ ቱ»፣ እንዲህ አደርግ ነበር የምንልባት። በቃ ግቡበት፣ የጎደለው እያወራችሁ ይሞላል።

«ጊቭ ሚ ዋተር ፕሊስ» ብል ምን ችግር አለው? ፕሊስ ብያለሁ እኮ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አማርኛ ተናጋሪ ሳያውቀው ባለጌ የሚመስልበት ዋናው ቦታ ይሄ ነው። እኛ አክብሮትን የምናስቀምጠው ግሱ ውስጥ ነው፣ ስጠኝ፣ ስጪኝ፣ ይስጡኝ ስንል ማንን እንደምናከብር ከግሱ ይታወቃል። ውሃ ይስጡኝ ያለ ሰው ትእዛዝ አዟል ግን አክብሮ ነው ያዘዘው፣ ማንም ቅር አይለውም። እንግሊዝኛ ላይ ይሄ የለም፣ አንተም አንቺም እርስዎም «ዩ» ነው፣ «ጊቭ» ለሁሉም «ጊቭ» ነው። ታዲያ አክብሮቱ የት ሄደ? ጥያቄው ውስጥ ነው የገባው። ትእዛዙን ወደ ጥያቄ ስትቀይሩት ነው የምታከብሩት፣ «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዋተር፣ ፕሊስ?» ውሃ ላገኝ እችላለሁ እንደማለት ነው፣ በአማርኛ እንደዛ ብትሉ የሚለምን ሰው ትመስላላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ግን ጨዋ ሰው የሚለው እሱን ነው። «ጊቭ ሚ» ላይ ፕሊስ ብትደርቡበትም ትእዛዝነቱ አይጠፋም፣ ትእዛዝ ላይ ፕሊስ የተለጠፈበት ነው የሚሆነው። «አይ ዋንት»ም ያው ነው፣ ስህተት አይደለም ግን ልጅ ሲያለቃቅስ የሚለው አይነት ነው።

ሜኑ አይታችሁ ስትወስኑ ደሞ «አይል ሃቭ ዘ ፊሽ» ማለት በጣም ጥሩ ነው፣ ጥያቄ አይደለም ግን ሰውየውን እያዘዛችሁት ሳይሆን የራሳችሁን ውሳኔ እየነገራችሁት ነው። አሜሪካኖች «ካን አይ ጌት» ይወዳሉ፣ እሱም ይሰራል።

መልመጃ ከፈለጋችሁ፣ ቤት ውስጥ በቀን የምታዟቸውን ነገሮች፣ አምጣ፣ አቀብለኝ፣ ዝጋው፣ ቆይ የምትሏቸውን ያዙና አንድ በአንድ ወደ «ኩድ አይ» ወይም «ኩድ ዩ» ቀይሯቸው። ሶስት ቀን ስትሰሩት አፋችሁ ራሱ ይለምደዋል።

አስተናጋጁ ሲያወራ አይገባኝም፣ በጣም ይፈጥናል

አይፈጥንም፣ ያጣብቃል። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ዋና ምግብ አዝዤ ጨረስኩ ብዬ ዘና ስል አስተናጋጇ «ሱፐር ሳላድ?» አለችኝ። እኔም ልዩ ሰላጣ አላቸው ማለት ነው ብዬ «የስ ፕሊስ» አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ፣ እኔም ጠንከር አድርጌ «የስ፣ ሱፐር ሳላድ»። ሶስተኛ ስትጠይቀኝ በእጇ ሁለት ነገር እያሳየች ነበር፣ ለካ «ሱፕ ኦር ሳላድ?» ነው የምትለው፣ ሾርባ ወይስ ሰላጣ። ኋላ ሳየው እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው የሚቀልዱበት ነገር ነው፣ ትንሽ ተጽናናሁ።

ምን ሆኖ ነው? «ኦር» ብቻዋን ስትሆን ጥርት ብላ ትሰማለች፣ በሁለት ቃል መሀል ስትገባ ግን ተሟምታ «ኧር» ብቻ ትሆንና ከሷ በፊት ካለው ቃል ጋር ትለጠፋለች። «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?» የሚለውም እንደዛ ነው፣ አንድ ረጅም ቃል ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እዚሁ ትበላለህ ወይስ ይዘህ ትሄዳለህ ነው። «ዋት ዉድ ዩ ላይክ» ደሞ «ወጂላይክ» ሆኖ ያርፋል። ስለዚ ቃል በቃል ለመስማት አትሞክሩ፣ ጠንከር ብለው የሚወጡትን ሁለት ሶስት ቃላት ያዙ ሌላው ማጣበቂያ ነው።

ሌላው የሚያድናችሁ ነገር ተራው ነው። ጥያቄዎቹ ሁሌ በተመሳሳይ ተራ ነው የሚመጡት፣ መጀመሪያ ስንት ናችሁ፣ ቦታ ይዛችኋል ወይ፣ ከዛ የሚጠጣ፣ ከዛ ምግብ፣ ከምግቡ ጋር ምን ይሁንላችሁ፣ መሀል ላይ መጥተው ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ፣ ከዛ ጣፋጭ፣ ከዛ ሂሳብ። የት ላይ እንደደረሳችሁ ካወቃችሁ ግማሹን ሳትሰሙት ታውቁታላችሁ።

ሰው የሚሳሳትባቸውን ሶስቱን እዚሁ ልበል። «ስቲል ኦር ስፓርክሊንግ?» ካሏችሁ ስለ ውሃ ነው፣ ስቲል እዚህ ጋ እስካሁን ማለት ሳይሆን ጋዝ የሌለው ማለት ነው። «ሃው ዉድ ዩ ላይክ ዩር ስቴክ?» ካሏችሁ መልሱ በጣም እወዳለሁ አይደለም፣ ጥያቄው ስጋው ምን ያህል ይብሰል ነው፣ ደም ያለው «ሬር»፣ መካከለኛው «ሚዲየም»፣ በደንብ የበሰለው «ዌል ደን»። ሶስተኛዋ አሜሪካ የምትሰማ ናት፣ «አር ዩ ስቲል ወርኪንግ ኦን ዛት?»፣ አንድ የማውቀው ልጅ አይ ዛሬ እረፍት ነኝ ብሎ መልሷል፣ የተጠየቀው ግን ሳህኑን ላንሳው ወይስ ገና እየበላህ ነው ነበር።

ጭራሽ ካልገባችሁ ዝም ብላችሁ «የስ» አትበሉ፣ እኔን አያችሁኝ አይደል። «ሶሪ?» ብላችሁ ድምጻችሁን ወደ ላይ አንሱት፣ ወይ የሰማችሁትን ግማሽ መልሱለት፣ «ሶሪ፣ ሱፕ ኦር…?» ስትሉት ሌላኛውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል። ሙሉውን ድገምልኝ ካላችሁት በዛው ፍጥነት ነው የሚደግመው።

«ዶንት ዩ ዋንት ዲዘርት?» ሲሉኝ የስ ነው ኖ?

ካልፈለጋችሁ ኖ። እኛ አትፈልግም? ሲሉን አዎ አልፈልግም እንላለን፣ አዎ ያልነው የጠያቂውን ግምት ነው፣ ልክ ነህ እንደማለት። እንግሊዝኛ የጠያቂውን ግምት አያይም፣ የናንተን ግስ ነው የሚያየው፣ ግሱ አሉታ ከሆነ ኖ፣ አዎንታ ከሆነ የስ። «የስ፣ አይ ዶንት» ካላችሁ ሰውየው ኬኩን ያምጣ አያምጣ ግራ ይገባዋል።

የዚህ ዘመድ የሆነች አንድ ሌላ ወጥመድ አለች። ከጎናችሁ ያለ ሰው መጥቶ ወንበሩን እየነካ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቴክ ዚስ ቼር?» ቢላችሁ ጥያቄው ልውሰደው ሳይሆን ብወስደው ቅር ይልሃል ወይ ነው፣ ስለዚ ፈገግ ብላችሁ «የስ» ካላችሁ አዎ ቅር ይለኛል ብላችኋል። «ኖ፣ ጎ አሄድ» ነው። በተጨማሪ ውሃ ልጨምርልህ ሲሏችሁ «አይም ጉድ» ማለት ይበቃኛል ነው እንጂ ደህና ነኝ አይደለም።

ጓደኛዬን «አይ ኢንቫይት ዩ» ብዬው ሂሳብ ሲመጣ ቦርሳውን አወጣ፣ ምን አጥፍቼ ነው?

በአማርኛ ልጋብዝህ ካላችሁ ሂሳቡ የናንተ ነው አለቀ። «ኢንቫይት» ግን በዋናነት ጥሪ ነው፣ ና አብረን እንሁን ነው፣ ማን ይከፍላል የሚለውን በግልጽ አይናገርም። እከፍላለሁ ለማለት «ኢትስ ኦን ሚ» ወይም «ማይ ትሪት» በሉ። መካፈል ከሆነ «ሌትስ ስፕሊት ኢት»። ሂሳቡን ለመጠየቅ እንግሊዝ «ቢል» አሜሪካ «ቼክ» ነው፣ «ኩድ ዊ ሃቭ ዘ ቢል፣ ፕሊስ?»

ስለ ትምህርት ቤት ስጠየቅ «አይ ለርንድ አት…» ብዬ ነው የምጀምረው፣ ልክ ነው?

ይገባቸዋል ግን ጆሮ ይቆረቁራል። እኛ ተማረ በምትል አንድ ግስ ሁሉን ነገር እንጨርሳለን፣ ህግ ተማረ፣ እዛ ትምህርት ቤት ተማረ፣ መኪና መንዳት ተማረ። እነሱ ይከፋፍሉታል። የት እንደተማራችሁ ስትናገሩ «አይ ዌንት ቱ…» ብላችሁ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ምን እንደተማራችሁ ስትናገሩ «አይ ስተዲድ ሎው»፣ አንድ ችሎታ ሲሆን ደሞ «አይ ለርንድ ቱ ድራይቭ»። ለርን ማለት ተምሬ ገባኝ ቻልኩት ነው፣ ስተዲ ደሞ ሂደቱ ነው፣ ስለዚ አራት አመት ስተዲ አድርጎ ምንም ለርን ያላደረገ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ደሞም አለ።

«ቴክ ኤን ኤግዛም» ደሞ ፈተና መፈተን ነው፣ ማለፍ አይደለም፣ ማለፍ «ፓስ» ነው መውደቅ «ፌይል»። «ሆምወርክ» ኤስ አይጨመርባትም። ጎበዝ ነበርኩ ለማለት «ጉድ አት ማዝ» ነው፣ «ኢን» አይደለም። ተመረቅኩ «አይ ግራጁኤትድ ፍሮም…»፣ ፍሮሟን አትርሷት። «ጎ ቱ ስኩል» ስትሉ «ዘ» አታስገቡ፣ ካስገባችሁ ለመማር ሳይሆን እንደ ወላጅ ወይ እንደ ቧንቧ ሰራተኛ ወደ ግቢው የሄዳችሁ ነው የሚመስለው።

አሁን ጥሩው ክፍል። የልጅነት ወሬ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትፈልጓት «ዩዝድ ቱ» ናት፣ ደግነቱ በአማርኛ ልክ እሷን የምታክል ነገር አለችን፣ እቀመጥ ነበር፣ እሮጥ ነበር፣ አረፍድ ነበር የምንላት። ኋላ እቀመጥ ነበር፣ «አይ ዩዝድ ቱ ሲት አት ዘ ባክ»። ስህተቱ የሚመጣው ነበርን ለብቻዋ ስትተረጉሟት ነው፣ ነበር «ዎዝ» ነው ብላችሁ «አይ ዎዝ ሲት» ስትሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያዟቸው፣ እንዲህ አደርግ ነበር እኩል ይሆናል ዩዝድ ቱ።

መልመጃው እንዲህ ነው። አንድ ክፍል ምረጡ፣ ህይወታችሁን በሙሉ አይደለም አንድ ክፍል። እኔ የመረጥኩት መስኮት አጠገብ ያለ ዴስክ ነው፣ ዴስኩ ላይ ሰው በመርፌ ቁልፍ ስም ጽፎበታል፣ ከውጪ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ጩኸት ይመጣል፣ እኔ ደሞ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ጠብቄ ወደ ውጪ አያለሁ። ይቺን ለ4 ደቂቃ አውሯት። ከዛ ያችኑ በ3፣ ከዛ በ2 ደቂቃ። ቋንቋ አስተማሪዎች ጋ 4/3/2 እየተባለ የታወቀ ዘዴ ነው፣ ቢቻል በየዙሩ ለሌላ ሰው ነው የሚነገረው። የሚሰራበት ምክንያት ሃሳቡ አዲስ ስላልሆነ ጭንቅላታችሁ የሚሸከመው ቋንቋውን ብቻ ነው፣ ሶስተኛው ዙር ላይ ኧ ኧ ማለቱ ሲቀንስ ለራሳችሁ ይሰማችኋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ዴስክ ላይ መጻፍ እንዴት እንደሚባል አጥቼ ግማሹን ደቂቃ ቆምኩ፣ በሁለተኛው ዙር «ሰምዋን ሮት ኤ ኔም ኦን ኢት» ብዬ አለፍኩት፣ የማያውቁትን ቃል በሚያውቁት መዞር የሚለመደው እንዲህ ነው።

የእንግሊዝ ወይስ የአሜሪካ እንግሊዝኛ?

የፈለጋችሁትን አውሩ፣ ሁለቱንም ግን ስሙ፣ ምክንያቱም በነዚህ ሁለት ርዕሶች ላይ በጣም ይለያያሉ። አሜሪካ «ፐብሊክ ስኩል» የመንግስት ነው፣ እንግሊዝ አገር ደሞ በተለምዶ እንደ ኢተንና ሃሮው ያሉ በጣም ውድ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው ፐብሊክ ስኩል የሚባሉት፣ አይ ዌንት ቱ ፐብሊክ ስኩል ስትሉ ለንደን ያለ ሰው የሀብታም ልጅ ናችሁ ብሎ ያስባል። አሜሪካኖች «ስኩል» ሲሉ ዩኒቨርሲቲንም ይጨምራሉ። አሜሪካ «ግሬድ» የሚባለው ክፍል እንግሊዝ «ይር» ነው፣ ለፈተና ማጥናት እንግሊዝ «ሪቫይዝ» ነው አሜሪካ «ስተዲ»።

ምግብ ላይ ደሞ ቺፕስ አለላችሁ። እንግሊዝ ቺፕስ ትኩስ የድንች ጥብስ ነው፣ አሜሪካ ያ «ፍራይስ» ነው፣ አሜሪካ ቺፕስ በፌስታል የሚሸጠው ስስ ደረቁ ነው፣ እሱን ደሞ እንግሊዞች «ክሪስፕስ» ይሉታል። «አንትሬ» የምትለዋ ቃል አሜሪካ ዋናው ምግብ ናት፣ አውስትራሊያ ከዋናው በፊት የሚቀርበው ነው፣ አንድ ቃል ነው ግን ተርባችሁ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይዞ መሄድ እንግሊዝ «ቴክአዌይ»፣ አሜሪካ «ቱ ጎ»።

ፕሮናንሲዬሽኔ ያሳፍረኛል

አክሰንት አያሳፍርም፣ ቃሉ ሌላ ቃል ሲሆንባችሁ ነው ችግሩ። «ቴብል ፎር ስሪ» ለማለት ትሪ ካላችሁ ዛፍ ብላችኋል። እዚህ ላይ ነው ፊደላችን የማይረዳን፣ ስሪ፣ ማዝ፣ ዛት እያልኩ የጻፍኳቸው ላይ ያለው ድምጽ ምላስን በጥርስ መሀል ትንሽ አውጥቶ አየር ማሳለፍ ነው፣ «ሰ»ም አይደለም «ተ»ም «ዘ»ም አይደለም፣ ስለዚ ከዚህ ጽሁፍ አንብባችሁ ብቻ አትለማመዱ፣ ስሙት።

ሌላው እስክሪብቶና እስታዲየም ያልንበት ልማድ ነው፣ ስኩልን እስኩል ስቴክን እስቴክ እናደርጋለን። የእባብ ድምጽ ስስስ ብላችሁ ጀምሩና ኩል ጨምሩበት፣ ይመጣል።

«ዲዘርት» ጣፋጩ ሲሆን ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ነው፣ መጀመሪያው ላይ ካሳረፋችሁት በረሃ ነው። ደረሰኝ «ሪሲት» ነው፣ ፒዋ ተጽፋ አትነበብም፣ «ሬሲፒ» ደሞ የምግቡ አሰራር ነው፣ ከፍላችሁ ሬሲፒ ፕሊስ ካላችሁ ሼፉን ሊጠሩላችሁ ይችላሉ። ሳልመን የሚባለው ዓሳ ደሞ «ሳልመን» አይባልም «ሳመን» ነው።

የሚያወራኝ ሰው የለም፣ ብቻዬን ይሆናል?

ይሆናል። ሁለቱንም ሰው ሁኑ፣ አስተናጋጅም ደንበኛም፣ ስልካችሁ ላይ ሪከርድ አድርጉትና ስሙት፣ የመጀመሪያ ቀን ድምጻችሁን ትጠሉታላችሁ ያልፋል። በድምጽ የሚያወሩ የኤአይ አፖች ላይም አንተ አስተናጋጅ ሁን ፈጠን ብለህ ጠይቀኝ ማለት ይቻላል፣ ግን በጣም ታጋሽ ናቸው፣ እውነተኛ አስተናጋጅ ሌላ ጠረጴዛ ይጠብቀዋል።

ለአይልትስ ይጠቅመኛል?

አይልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው፣ ስፒኪንጉ፣ ማለትም የንግግሩ ክፍል ላይ አዎ። ጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ደቂቃዎች ስለ ራሳችሁ፣ ስለ ትምህርት ወይ ስራ ያሉ የተለመዱ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ካርድ ይሰጧችሁና 1 ደቂቃ ተዘጋጅታችሁ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻችሁን ታወራላችሁ፣ የማትረሱት አስተማሪ ወይ የምትወዱት ሬስቶራንት አይነት ነገር ሊመጣ ይችላል። የመስኮቷን ዴስክ 4/3/2 የሰራ ሰው 2 ደቂቃ አያስፈራውም። ሸምድዶ መግባት ግን ይታወቃል፣ ፈታኞቹ ሲሰሙት የኖሩት ነገር ነው።

ሾርባ «ድሪንክ» ነው «ኢት»?

በአማርኛ ይጠጣል፣ በእንግሊዝኛ በማንኪያ ከሆነ «ኢት» ነው፣ ከኩባያ በቀጥታ ከሆነ «ድሪንክ»። መድሃኒትም አይጠጣም፣ «ቴክ» ነው። ከተጠራጠራችሁ «ሃቭ» በሉና እለፉት፣ ሃቭ ሱፕ፣ ሃቭ ኮፊ፣ ሃቭ ላንች ሁሉም ያስኬዳል፣ ትምህርት ቤትም ስትገቡ ሃቭ ኤ ክላስ፣ ሃቭ ኤን ኤግዛም እያለች ትከተላችኋለች። ለመድሃኒቱ ብቻ አትሆንም።